ጆሯችንን ለቆጣሪ አናስረክብ



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ብዙ ሰው ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው አንድ ልማድ ለመናገር ነው። ይኸውም የሰማነውን ሙዚቃ የመቁጠር ልማድ ነው። ትናንት ስንት ዘፈን ሰማሁ? በዚህ ወር ከሁሉ አብልጬ ያደመጥኩት ማንን ነው? ዓመቱን ሙሉ ያዳመጥኩት ሲደመር ስንት ደቂቃ ይሆናል? ወላጆቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ቢጠይቁም የሚመልስላቸው አልነበረም። ዛሬ ስልካችን ሳንጠይቀው ይመልስልናል። መልሱም ደስ ይላል። ብዙዎች ወደ ቆጠራው የገቡት ደስ ስላላቸው ነው፤ ከገቡ በኋላ መውጫው የጠፋባቸው ግን ጥቂት አይደሉም።

የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነውና አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቁጥር የሰማነውን ሲያስታውሰን ወዳጃችን ነው። የምንሰማውን ሲመርጥልን ግን ሙዚቃውን ከእጃችን ይወስደዋል። ወዳጅነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። በ2002 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማር የነበረ ሪቻርድ ጆንስ የተባለ ወጣት ኦዲዮስክሮብለር የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ የሚያጫውተውን እያንዳንዱን ዘፈን፣ የዘፋኙን ስም ጨምሮ እየመዘገበ ወደ አንድ ማዕከል ይልካል። ዓላማው መልካም ነበር፤ የሰዎችን መዝገብ እያነጻጸረ ጣዕማቸው የሚመሳሰል ሰዎችን ማገናኘትና ያልሰሙትን ሙዚቃ ማስተዋወቅ። በዚያው ዓመት አፕል አይቲዩንስ በሚባለው ማጫወቻው ሦስተኛ እትም ላይ እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተጫወተ የሚያሳይ ቁጥር ጨመረ። ኦዲዮስክሮብለር ለንደን ውስጥ ከተመሠረተውና ላስት ኤፍ ኤም ከሚባለው የኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎት ጋር በ2005 ተዋሐደ። በ2007 ደግሞ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላስት ኤፍ ኤምን በ280 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዩኒቨርሲቲ የተጀመረ የአንድ ተማሪ ሥራ በአምስት ዓመት ውስጥ እዚህ ደረሰ። የሰዎች የማዳመጥ ልማድ የሚሸጥ የሚለወጥ ሀብት መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

ቆጠራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሣልና። በላስት ኤፍ ኤም ደንብ አንድ ዘፈን የሚቆጠረው ርዝመቱ ከ30 ሰከንድ በላይ ሆኖ፣ ግማሹ ወይም 4 ደቂቃው ሲጫወት ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይበቃል። ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ደግሞ አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተጫወተ ተሰማ ተብሎ ይመዘገባል። ደንቡ የሚለው ይህን ብቻ ነው። አድማጩ ክፍሉ ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ይተኛ ይንቃ፣ ያልቅስ ወይም ሰሃን ይጠብ ቆጣሪው አያውቅም። የሚያውቀው ድምፁ እየሄደ መሆኑን ነው። መጫወትና መሰማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቆጣሪው የሚመዘግበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለውን መልካም ነገር መካድ አልፈልግም። የማዳመጥ መዝገብ የሕይወት ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። ከአገሯ ወጥታ ሪያድ ወይም ቤይሩት የገባች እህታችን፣ የዋሽንግተንን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ወንድማችን፣ ከዓመታት በኋላ መዝገባቸውን ቢከፍቱ በዚያ በመጀመሪያው ወር ሌሊት ሌሊት የትኛውን ዘፈን ሲደጋግሙ እንዳደሩ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያገኙታል። ያን ጊዜ ደብዳቤ ለመጻፍ አቅም ያልነበረው ሰው እንኳ ዘፈኑን ሲያይ የነበረበትን ሁኔታ ያስታውሳል። ሐዘን የገባባቸው ሳምንታት፣ ፍቅር የተጀመረበት ክረምት፣ ልጅ የተወለደበት ወር በዘፈን ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ውድ ነገር ነው። ቆጠራን ከነጭራሹ ተዉት የማልለውም ስለዚህ ነው።

አባዜ የሚሆነው ከዚህ ሲያልፍ ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ልዘርዝር፤ እያንዳንዱ አድማጭ ራሱን በራሱ ይመዝንበት።

ዘፈኑ ሰልችቶት ሊያልፈው እየፈለገ፣ እስኪቆጠርለት ድረስ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሌሊት ተኝቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አልበም ሲያጫውት የሚያድር አለ፤ ሲነጋ ቁጥሩ አድጎ ይጠብቀዋል። ጓደኛው የራሱን ሙዚቃ ከፍቶ ሲጋብዘው፣ በእኔ ስልክ ስላልሆነ አይመዘገብልኝም ብሎ ቅር የሚለው አለ። በየዕለቱ የተመዘገበለትን እየከፈተ ስሕተት የሚያርም፣ ልጁ በስልኩ የሰማችውን የሕፃናት መዝሙር ከዝርዝሩ ለማጥፋት የሚታገል አለ። ሌላው ደግሞ የሚወደውን ዘፈን በስውር ይሰማል፤ ማጫወቻዎቹ ላይ ማዳመጥን የሚደብቅ ስልት አለና ያንን ያበራል። ለምን ቢሉት፣ ያ ዘፈን በዓመቱ መጨረሻ በሚላክለት ማጠቃለያ ላይ ከስሙ ጋር እንዲወጣ አይፈልግም። በዝርዝሩ ላይ የሚታየው ሰው እንዲከበር ሲል እውነተኛው ሰው የሚወደውን ደብቆ ይሰማል።

የመጨረሻውን ምልክት ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ። የሚወዱት ዘፋኝ በሌላ ዘፋኝ እንዳይበለጥ ሲሉ፣ ሌላውን ለመስማት ልባቸው እየፈለገ የሚተዉ ሰዎች አሉ። አዲስ ሙዚቃ ለማስተዋወቅ የተፈጠረው መሣሪያ ያን ጊዜ ተገልብጦ አዲሱን መከልከያ ይሆናል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ጆርዳን ኤትኪን የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በደስታ የሚሠሩትን ነገር ሲቆጥሩ ምን እንደሚሆን መረመሩ። ሥዕል መቀባት፣ መራመድ፣ ማንበብ ከተፈተኑት ተግባራት መካከል ነበሩ። ውጤቱ ሁለት ፊት ነበረው። የሠሩት የተቆጠረላቸው ሰዎች ካልተቆጠረላቸው ይልቅ ብዙ ሠሩ፤ ነገር ግን ያገኙት ደስታ ያነሰ ነበር። መቆጠሩ ሲቀር ደግሞ ነገሩን የመቀጠል ፍላጎታቸው ቀነሰ። ተመራማሪዋ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቁጥር ሲገባበት ጨዋታው ሥራ ሥራ ይሸታል።

ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በ1973፣ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። ለአንዳንዶቹ ከሣሉ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው ቃል ገቡላቸው፤ ሰጧቸውም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሽልማት የሚባል ነገር በሌለበት፣ ቃል የተገባላቸው ሕፃናት በመሣል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ፍቅራቸውን የቀነሰው ሽልማቱ ነው። ድሮ የሚሥሉት ደስ ስለሚላቸው ነበር፤ ኋላ ግን የሚሣለው ለወረቀቱ መሰላቸው።

ሙዚቃም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ዘፈን ሲጀምር ልባችን ወደ ዘፈኑ መሄድ ሲገባው ወደ ውጤቱ ይሄዳል። ጆሮ ክራሩን እየሰማ ሐሳብ ዝርዝሩ ላይ ነው። ሙዚቃው አልተለወጠም፤ እኛ ግን ከፊቱ ተነሥተን ሄደናል።

ድምፅ የሌለው ነገር እንኳ እንደ ሙዚቃ ሊቆጠር እንደሚችል የታየበት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2014 ቩልፍፔክ የተባለ የአሜሪካ ባንድ ስሊፒፋይ የሚል አልበም በስፖቲፋይ ላይ አወጣ። አሥር ዘፈኖች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው ከ30 ሰከንድ ጥቂት የሚበልጡ፣ ሁሉም ፍጹም ዝምታ። ባንዱ አድናቂዎቹን፣ ስትተኙ አልበሙን ክፈቱትና ሲደጋገም ይደር አላቸው። አድናቂዎቹም አደረጉት። ስፖቲፋይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አልበሙን እስኪያወርደው ድረስ ባንዱ 20 ሺህ ዶላር ገደማ አገኘ፤ ገንዘቡንም መግቢያ የማያስከፍሉ ኮንሰርቶችን ለማካሄድ አዋለው። ቆጣሪው ምን እንደሚመዘግብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ማንም ምንም አልሰማም፤ ሁሉም ተቆጠረ።

እዚህ ላይ ቁጥሩ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነም መነሣት አለበት። ለሙዚቀኛው ቁጥር እንጀራ ነው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ እንዳያገኝ ወስኗል፤ ስለዚህ የጀማሪ ሙዚቀኛን ሥራ ደጋግሞ የሚሰማ ወዳጅ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ለኩባንያው ደግሞ ቁጥር ማስታወቂያ ነው። ስፖቲፋይ ከ2016 ጀምሮ ራፕድ በሚል ስም በየዓመቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የዓመቱን ማዳመጥ አሸብርቆ ያቀርብለታል፤ ይህን ዘፋኝ ከሁሉ አብልጠው ከሚሰሙት ከመቶ ጥቂት እጅ ውስጥ ነህ ይለዋል። ደንበኛው ተቀብሎ በየማኅበራዊ ሚዲያው ያሰራጨዋል፤ ኩባንያውም ሳይከፍል በሚሊዮኖች ገጽ ላይ ይታያል። ለአድማጩ የሚቀረው ምንድነው? አንድ ዓመት 525,600 ደቂቃ አለው። 100,000 ደቂቃ ሙዚቃ ሰምተሃል የተባለ ሰው ሌትና ቀን ሳያቋርጥ ከ69 ቀን በላይ እንደሰማ ተነገረው ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ልቡ የነበረበት ስንቱ እንደሆነ ግን ማንም አይነግረውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አበው፤ ስለ ሰውየው የሚወራው መጨረሻ የሚደርሰው ለራሱ ነው ለማለት። ዛሬ ደግሞ ጆሯችን ምን እንደሚወድ ከኩባንያ ደብዳቤ እስኪደርሰን የምንጠብቅ ሆነናል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ቆጠራ ለእኛ ሙዚቃ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ጎደሎ ነው። የጥላሁን ገሠሠን ስም ውሰዱ። በአንዱ አልበም ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ መንገድ ተጽፏል፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ በወጣው በፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስ ተከታታይ ላይ ደግሞ በፈረንሳይኛ ልማድ፣ ምልክት በተጫነባቸው ፊደላት ሰፍሯል። ለቆጣሪው እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንድ ጥላሁንን የሚያመልክ አድማጭ በዝርዝሩ ላይ ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ያየዋል፤ ከላይ የሚቀመጠው ግን ስሙ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ የሚሰፍር የውጭ አገር ዘፋኝ ይሆናል። አንድ ሙሉ የካሴት ገጽ ሳይከፋፈል ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ደግሞ ስድስትና ሰባት ዘፈን እንደ አንድ ይቆጠራል።

የአዝማሪ ቤቱስ? ማሲንቆውን ይዞ ከፊታችሁ የቆመ አዝማሪ፣ ስማችሁን ሰምቶ ወዲያው ግጥም የሚያወርድላችሁ፣ የዘፈነው ርዕስ የለውም፤ ነገም በዚያው መልክ አይደገምም። የትኛው መዝገብ ነው የሚይዘው? በመስከረም ደጃችን መጥተው አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶች፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱት እናቶች፣ የሠርግ ቤት ጭፈራ፣ የጥምቀት ሆታ በየትኛው ቁጥር ውስጥ አሉ? ከሕይወታችን ጋር የተሳሰረው ሙዚቃ አብዛኛው ከቆጣሪው ውጭ ነው። ቁጥሩ ሙሉ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ሁሉ እንዳልሰማ ይቆጥረዋል።

የዘመን አቆጣጠሩም የእኛ አይደለም። የዓመቱ ማጠቃለያ የሚላከው ብዙውን ጊዜ በኛ ኅዳር ወር ነው፤ የኛ ዓመት ገና መጀመሩ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ዘፈን ትቶ በገናና መዝሙር የሚሰማ ምእመን ብዙ ነው። ጆሮው ከጾሙ ጋር ይጾማል፤ በፋሲካ ደግሞ ይፈታል። ይህ የማዳመጥ ሥርዓት ለዘመናት የቆየ፣ መቼ ምን እንደሚሰማ በጥበብ የወሰነ ሥርዓት ነው። ቆጣሪው ግን ጾሙን እንደ ጉድለት ያሳያል፤ በዕለታዊው መስመር ላይ ግራፉ ወረደ ይላል። መስመሩ ወረደብኝ ብሎ የሚሰጋ ሰው ካለ፣ ያ ሰው የሚጾመውን ጆሮውን ለማን እንዳስገዛው ሊያስብበት ይገባል።

ድግግሞሽ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ባህላችን በድግግሞሽ የተሠራ ነው። የዜማ ተማሪ ድጓውን እስኪያውቀው ድረስ ዓመታት ይመላለስበታል። ሰምና ወርቅ ያለበትን ዘፈን ደጋግሞ የሰማ ሰው፣ ሃያ ጊዜ ሰሙን ብቻ ሲሰማ ቆይቶ በሃያ አንደኛው ወርቁ ይገለጥለታል። ያቺ ሃያ አንደኛዋ በቁጥር ከሃያዎቹ በአንድ ብቻ ትበልጣለች፤ ለሰሚው ግን ዘፈኑ ገና ያን ጊዜ ተወለደ። የድግግሞሽ ዋጋው በመጨረሻ በሚገኘው ማስተዋል ነው፤ ሃያ ሁለተኛ፣ ሃያ ሦስተኛ እያሉ በመደመር አይገኝም።

ስለ ማዳመጥ ካሉን ትውፊቶች ሁሉ ታላቁ የቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ያሬድ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ የያዘው ጦር ከያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ንጉሡ አላወቀም፤ ያሬድም አልተሰማውም። ያዜመውም የሰማውም ያወቁት ዜማው ሲያበቃ ነው። እንግዲህ የዚህ ትውፊት ወራሾች ነን። ለእኛ ማዳመጥ ማለት ራስን እስከ መርሳት ድረስ መመሰጥ ነው። የቆጠራ አባዜ ደግሞ ሰው ራሱን አንዲት ሰከንድ እንኳ እንዳይረሳ ያደርገዋል፤ ሁልጊዜ ሲሰማ ራሱን እያየ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ይሠራል ብዬ የማምንበትን ልንገራችሁ።

ቁጥሩን በየቀኑ አትክፈቱት። ከርሞ የሚታይ ማስታወሻ በየሰዓቱ ሲታይ ተቆጣጣሪ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ከእጃችሁ አርቁና አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ይመዝገብ አይመዝገብ ግድ አይስጣችሁ። አንድ ዘፈን ልባችሁን ሲነካው ስንት ጊዜ እንደሰማችሁት ሳይሆን ምኑ እንደነካችሁ ለአንድ ሰው ንገሩት፤ ግጥሙ ነው? የሳክስፎኑ አመላለስ ነው? የዘፋኟ ትንፋሽ ነው? ቆጣሪ ወደማይደርስበት ሙዚቃ ሂዱ፤ አዝማሪ ቤት፣ ማሕሌት፣ አያቶቻችሁ ዘንድ። ወላጆችና መምህራንም ልጆቻችሁን ስንት ዘፈን ታውቃለህ ከማለት ይልቅ እስቲ የምትወደውን አሰማኝ በሏቸው፤ አብራችሁም ስሙ። ቁጥሩ እንቅልፍ የከለከለው፣ ከትምህርቱና ከሥራው ያስተጓጎለው ሰው ካለ ደግሞ ጭንቀቱ እውነተኛ ነውና አይናቅ፤ ለሚያምነው ሰው፣ ካስፈለገም ለባለሙያ ይንገር።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ጥያቄ ያዙ። አንድ ዘፈን ለመክፈት እጃችሁን ስትዘረጉ፣ ማንም ባይመዘግበው ይህን እሰማው ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ መቶ ጊዜ ስሙት። መልሱ አይ ከሆነ ተዉትና በእውነት ያማራችሁን ክፈቱ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ሊመጣ ሲል አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከመድረሱ በፊት በዚያ ዓመት ከልባችሁ ያልጠፉትን ሦስት ዘፈኖች በራሳችሁ እጅ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርግ ላይ የሰማችሁት ቢሆንም ጻፉት። ከዚያ የኩባንያውን ዝርዝር ክፈቱና አስተያዩ። ከተስማሙ ደስ ይበላችሁ። ካልተስማሙ ግን የምታምኑት በእጃችሁ የጻፋችሁትን ይሁን፤ ሙዚቃውን የሰማችሁት እናንተ ናችሁና።